ቀስቱ ሁሉ ወደ ዘሪቱ

ወይ ጉድ! ያን ዕለት ክብሩ ላይ የወረደውን መዓት ለጠላትም አይስጥ። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ እኮ በሐሳቡ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዌብሳይት። የሁለት ሐይቅ ዩኒቨርሲቲ ዌብሳይት አርጅቶ፣ ተዝረክርኮ፣ የማንም መሳቂያ ሆኖ ነበር። ምዝገባ መቼ ነው ብሎ የገባ ተማሪ ድሮ የተዘጋ የጄኔሬተር ጨረታ አንብቦ ይወጣል። «አዲስ ዜና» የሚለውን የነካ ደግሞ ከዓመታት በፊት የተመረቀ የእግር ኳስ ሜዳ ያገኛል፤ ሜዳውን ራሱን አሁን አረም ውጦታል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አማካሪ ተጠርቶ፣ የየክፍሉ ኃላፊዎች ተሰብስበው፣ አዲሱ ዌብሳይት ምን እንደሚመስል ቀኑን ሙሉ ሊመክሩ ተቀጣጥረዋል። ሰብሳቢው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ክብሩ ነው።

በከተማዋ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ካለው ቢሮው ገብቶ መስኮቱን ከፍቶ፣ ገና በጠዋቱ የጀመረውን ሙቀት እየረገመ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

«አቶ ክብሩ ነዎት? ካሱ እባላለሁ፤ የዘሪቱ አጎት። ከገረሴ ነው የምደውለው። ዘሪቱ አጠገብዎ አለች?»

«የለችም፤ ገና አልገባችም። ምነው፣ በደህና?»

«ምን ደህና አለ! ወንድሜ ዳና ሌሊት አረፈ። ሳል እንኳን አልያዘውም። ራቱን በላ፣ ጸለየ፣ ተኛ፤ ጠዋት ብንቀሰቅሰው የለም።»

ክብሩ ክው አለ። አቶ ዳናን የማያውቅ የዩኒቨርሲቲው ሰው የለም። የመጀመሪያው ሬጅስትራር እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው ወደ ደጋው ገረሴ ተመልሰው፣ እንሰታቸውን እየኮተኮቱ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው እያገለገሉ ይኖሩ ነበር። ዘሪቱ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የዩኒቨርሲቲውን ዌብሳይት የምታስተዳድረው ደግሞ ይህችው ዘሪቱ ናት፤ ብቻዋን። በየቀኑ በምሳ ሰዓት አባቷ ጋ ትደውላለች። ቢሮው ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ «ዛሬስ አቶ ዳና ምን በሉ?» እያለ ይቀልድባታል።

«አቶ ክብሩ» አሉ አቶ ካሱ፣ «የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። እንዳትሰማ። ሽማግሌዎቹን ይዤ ዛሬ እወርዳለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ገብተን እኛው ነግረናት፣ ይዘናት ለቀብር እንወጣለን። ዛሬን ብቻ ያዙልን። ከመንገደኛ አፍ፣ ከስልክ እንዳትሰማው። አደራ!»

«አደራዎን ተቀብያለሁ ጋሽ ካሱ።»

እንዲህ ያለውን አደራ ለክብሩ መስጠት ለሌላ ሰው እንደመስጠት አይደለም። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ፌስቡክ ሲነካካ የእናቱን ፎቶ አየ። ደስ ብሎት «እማዬ!» ብሎ ሊስቅ ሲል ከሥሩ ያለውን አነበበ። «ነፍስ ይማር»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «ነፍስ ይማር»፤ እስከ ታች ድረስ። ረዳቱ «ሒሳብ ወንድሜ» እያለ ትከሻውን ይነካዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ሙዝ ያጨቀችበትን ጆንያ ጉልበቱ ላይ አስደግፋለች። እሱ ግን የሚይዘው ሰው የለም፤ መጮህም አፈረ። ያቺ ቀን እስከ ዛሬ ደረቱ ላይ ተቀምጣለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? «ዘሪቱ እንዲህ አትሰማም! እኔ በሕይወት እያለሁ አትሰማም!» ብሎ ለራሱ ማለ።

ወዲያው ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ተደወለ። ወሬው እዚያም ደርሷል። «የሐዘን መግለጫ ለነገ ተዘጋጅቶ ይደር» ተባለ። ክብሩ ለዚህ ሥራ እጁ ፈጣን ነው። የቆየችውን የሐዘን መግለጫ ከኮምፒውተሩ አወጣ፣ የሟቹን ስም ቀየረ፣ ፕሬዚዳንቱ እንዲያፀድቁት ለጸሐፊያቸው ለወለቴ ላከላት። ከዚያ በየኮሪደሩ እየሮጠ ለስብሰባው የተጠራውን ሁሉ እያስቆመ በጆሮው ነገረው፤ «ዘሪቱ እንዳትሰማ፣ አደራ።» ያልነገረው ለአማካሪው ለኢንጂነር ዘመድኩን ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ልጅቷንም አያውቃትም፣ ምን ያደርግለታል ብሎ። ብልጠት መሆኑ ነው!

ስብሰባው ተጀመረ። ዘሪቱ ትንሽ ዘግይታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ላፕቶፗን አቅፋ ገባች። ሙቀቱ ነው፣ አለ ክብሩ በልቡ። የገባች ጊዜ ታዲያ አዳራሹ ውስጥ የተደረገውን ብታዩ! በዌብሳይት ምክንያት ሰላምታ ነሥቷት የከረመው የምሕንድስናው ዲን ብድግ ብሎ ወንበሩን ሰጣት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ውሃ ከፈተላት። የፋይናንሱ ሰውዬ፣ ያ ፈገግ ሲል ታይቶ የማይታወቀው፣ «ዘሪቱዬ፣ ነፋስ ወዳለበት ጠጋ በይ» አላት። ዘሪቱዬ! ክብሩ ጥርሱን ነከሰ። ሰው ሐዘን ሲደብቅ ደግነቱ ያሳብቅበታል እኮ! እሷ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ተቀመጠች።

ኢንጂነር ዘመድኩን አሮጌውን ዌብሳይት ግድግዳው ላይ አበራውና በእንጨት እየጠቆመ ይወቅሰው ጀመር። «ይህ ዌብሳይት አይደለም፣ ዕቃ ቤት ነው! የመጣው ሁሉ ተወርውሮበታል። መጀመሪያ የምንወስነው፦ ሰው ሲገባ ከሁሉ በፊት ምን ይይ?»

«የፕሬዚዳንቱን ፎቶ» አለ አንዱ።

«ከሥሩ የምክትሎቹን» አለ ሌላው።

«የዲኖችስ?»

«እኛ የምርምር ዘርፍ ሰው አይደለንም ማለት ነው?»

«ጎበዝ፣ ዌብሳይት የሠርግ አልበም አይደለም!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ። «ተማሪው ዶርሙን ነው የሚፈልገው፣ የእናንተን ከረባት አይደለም!»

ሌላ ቀን ቢሆን ዘሪቱ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ ግን ፈገግ ብቻ ብላ ማስታወሻዋን መጻፍ ቀጠለች። ክብሩ ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው። በዚህ ፍጥነት ከሄዱ ስብሰባው ከምሳ በፊት ያልቃል፤ ካለቀ ትወጣለች፤ ከወጣች ሲቀላ ወርዳ አንድ የገረሴ ነጋዴ መንገድ ላይ አግኝቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል። አደራው አበቃለት! ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠረ።

«ኢንጂነር» አለ ተነሥቶ፣ «እዚህ ጋሞ ምድር ነው። የእኛ አባቶች ሸንጎ ዱቡሻ ይባላል። ዱቡሻ ላይ ሁሉም ተራ በተራ ሳይናገር፣ ሁሉም ሳይስማማ አይነሣም። እኛም እንደዚሁ እናድርግ። በእያንዳንዱ የገጽ ርዕስ ላይ ሁሉም ሰው ይናገርበት።»

«በእያንዳንዱ?» አለ ኢንጂነሩ ዓይኑን አፍጥጦ። «ከአርባ በላይ ርዕስ እኮ ነው ያለው!»

«ዱቡሻ አይቸኩልም።»

ተሰብሳቢው ነገሩ ገብቶታል፤ ምን ገዶት! እያንዳንዱ እየተነሣ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «በቅድሚያ መድረኩን ስለሰጣችሁኝ» እያለ ስለ «አድራሻችን» ገጽ ብቻ ቅኔ ዘረፈበት። ስለ ካፍቴሪያው ገጽ የተደረገው ክርክር አገር የሚያስተዳድር ሕግ ይወጣው ነበር። ኢንጂነሩ ላቡን እየጠረገ «ይህ የጤና ነው?» እያለ ክብሩን ያየዋል፤ ክብሩ ደግሞ ጣራውን ያያል።

ምሳውን እዚያው አዳራሽ አስመጣ፤ የተጠበሰ አሳ። ማንም እንዳይወጣ ብሎ ነው። ክፉው ሰዓት ግን ይኸው ነበር፤ ዘሪቱ የምትደውልበት። ክብሩ አሳውን አጥንቱን ሳይለቅም አፉ ውስጥ እያላወሰ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። ስልኳን አወጣች። አየችው። ከዚያ ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ይሄኔ የፋይናንሱ ሰውዬ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ «ዛሬ አትደውይም እንዴ? አቶ ዳና ምን—» ብሎ ጀመረና ቀሪውን ከነጉርሻው ዋጠው። ትን አለው። የአሳ ማባያው የቃሪያ ዳጣ ያቃጠለው እንዲመስል ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ጀርባውን መታው።

«በኋላ» አለች ዘሪቱ።

ክብሩ «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» አለ በልቡ። የዛሬን እግዚአብሔር ራሱ ይዞልናል ብሎ አመነ።

ከሰዓት በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ኢንጂነሩ በእንጨቱ የፊት ገጹን እየጠቆመ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ይህ ‘የሐዘን መግለጫ’ የሚለው ፊት ለፊት ምን ይሠራል? በዓለም ላይ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ሰው በገባ ቁጥር ሙት የሚያሳየው? ይህ ይውጣ!»

እስከ አሁን ስለ ካፍቴሪያ ሲከራከር የዋለ ጉባኤ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ክብሩ «እሱን እንለፈው፣ ወደሚቀጥለው—» ሊል ሲል ዘሪቱ እጇን አወጣች።

«አይወጣም» አለች።

«ለምን እህቴ?»

«እዚህ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው ሲሞት ስሙ የሚጠራው አንዴ ነው። ጨረታ ወር ሙሉ ከላይ ይቀመጣል። የሰው ስም ለሦስት ቀን ከላይ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?»

ኢንጂነሩ ሳቀ። ክፋት የለውም፣ ሰውየው አያውቅም፤ ግን ሳቀ። «እህቴ፣ የሞተ ሰው ዌብሳይት አያይም!»

«የሞተው አያይም» አለች ዘሪቱ፤ «ልጆቹ ግን ያያሉ።»

ክብሩ እጁ ላይ የነበረው ብርጭቆ አመለጠው። ውሃው በጠረጴዛው ላይ እየሮጠ የኢንጂነሩን ወረቀት አራሰው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ተነሥቶ ሶፍት ያቀብል ጀመር። በዚያ ግርግር ውስጥ የምሕንድስናው ዲን ዓይኑን ሲጠርግ ክብሩ አየው። «ይቀመጥ! ሐዘኑ ከላይ ይቀመጥ፤ ተወስኗል!» ብሎ ጮኸ ክብሩ። የዚያን ቀን ያለ ክርክር የጸደቀው ይህ ብቻ ነው።

ኢንጂነሩ ሰው ሁሉ ምን እንደነካው ግራ ገብቶት ወደ ነጩ ሰሌዳ ዞረ። «እሺ፣ አሁን ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ እንሣል። አንድ መግለጫ ከየት ይነሣል? ማን ጋ ይደርሳል? ወይዘሪት ዘሪቱ፣ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ በቀስት ልሣል።»

«ጋሽ ክብሩ ይጽፈዋል» አለች። ኢንጂነሩ «ክብሩ» ብሎ ጽፎ ከበበው። «ከዚያ ለማጽደቅ ወደ ፕሬዚዳንት ቢሮ ይሄዳል።» ቀስት ሠራ። «እዚያ እንደጸደቀ ሌላ ቦታ ሳይቆም በቀጥታ ወደ እኔ ኢሜይል ይመጣል።» ሌላ ቀስት ሠራና ጫፉ ላይ «ዘሪቱ» ብሎ ጻፈ።

«ሁሉም ዓይነት መግለጫ?»

«ሁሉም። ሹመትም፣ ጨረታም፣ ሐዘንም።»

ክብሩ ሰሌዳውን አየ። አንድ ቀስት ከእሱ ወጥቶ ወደ ወለቴ፤ አንድ ቀስት ከወለቴ ወጥቶ ወደ ዘሪቱ። ጠዋት የላከው መግለጫ ትዝ አለው። ይህን መንገድ የዘረጋው ማን ሆነና! ራሱ ነው። አምና «የሐዘን መግለጫችን ሰልስት ካለፈ በኋላ እየወጣ አዋረደን» ብሎ፣ «ማንኛውም መግለጫ በጸደቀ ቅጽበት ወደ ዌብሳይት ክፍል ይላክ» የሚል መመሪያ አውጥቶ፣ ፈርሞ፣ በየቢሮው ግድግዳ ያስለጠፈው ራሱ ክብሩ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! ከዚያ ምክንያት እንኳን ሳይሰጥ ከአዳራሹ ወጥቶ ሮጠ።

ወለቴ ከፕሬዚዳንቱ ደጅ ካለው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ወለቴ! የጠዋቱ የሐዘን መግለጫ... የት አደረግሽው?»

«ፕሬዚዳንቱ ጠዋቱኑ አጸደቁት። እንዳዘዝከው ወዲያው ላክሁት።»

«ለማን?»

«ለዌብሳይት ነዋ!»

«ዌብሳይት ማለት ማነው?»

ወለቴ አፏን ከፍታ አየችው። ለእሷ ዌብሳይት የሆነ አድራሻ ነው፤ እዚያ ማዶ ያለ ማሽን። በየቀኑ ትልክለታለች፣ በየቀኑ ይቀበላል። ከአድራሻው ጀርባ ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው ዛሬ ጠዋት ሁሉም ወሬውን የሚደብቃት ልጅ መሆኗን ለአንድ ሰከንድ አላሰበችውም። «ውይ!» አለች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ውይ ጌታዬ! ውይ በሞትኩት! ዌብሳይት ማለት እኮ ዘሪቱ ናት!»

«አዎ፣ ዘሪቱ ናት! ነይ እንግዲህ፣ ጉዳችንን እንየው!»

ክብሩ ስልኩን አንሥቶ የኔትወርክ ክፍሉን ጠራ። «አጥፉት!» «የቱን?» «ሁሉንም! ግቢው ውስጥ አንዲት ኢሜይል እንዳትከፈት!» ወዲያው ጠፋ። የሚገርመው፣ ያን ያህል ሕንፃ ሙሉ ሰው ለምን ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ኔትወርክ ሄደ ሲባል «ሄደ እንዴ?» ብሎ ወደ ሻይ የሚሄድ ሕዝብ ነው።

ተመልሶ ሲገባ ዘሪቱ እንደተቀመጠች ናት። አላየችውም፣ አለ ክብሩ፤ አይታ ቢሆን እንዲህ ትቀመጣለች? ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናት፤ መቼ ጊዜ አግኝታ ትከፍታለች? ቢሆንም ስልኳ ቀረ። ኢሜይል በስልክም ይከፈታል።

«ዘሪቱ፣ እስኪ ስልክሽን አውሺኝ። የእኔ ባትሪ ሞ— አልቋል። ባትሪው አልቋል።»

ዘሪቱ ትንሽ አየችው። ከዚያ ስልኳን አቀበለችው። ክብሩ ኪሱ ውስጥ ከተተውና እስከ ማታ አላወጣውም።

ስብሰባው ፀሐይ ወደ ደጋው ተራሮች ስትዘቀዝቅ ተበተነ። ኢንጂነሩ «ብዙ ዩኒቨርሲቲ አይቻለሁ፤ እንደ እናንተ ለዌብሳይት የተጨነቀ ግን አላጋጠመኝም» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ወለቴ ዘሪቱን በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ዓይኗ ቀልቷል። «ዘሪቱ፣ ቤቴ ውሃ ጠፍቷል፤ ዛሬ አንቺ ጋ ልደር?» አለቻት። «ደስ ይለኛል፤ ደጅ ጠብቂኝ» አለቻት ዘሪቱ። ክብሩ ይህን ሲሰማ ትከሻው ላይ የነበረው ሸክም ወረደለት። አደረግነው፣ አለ። ቀኑን አሳለፍነው።

አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ዘሪቱ ላፕቶፗን ስታጥፍ ቆየችና፣

«ጋሽ ክብሩ» አለች፣ «ኔትወርኩን መልሱት። ተማሪዎቹ ምን አደረጓችሁ?»

ክብሩ ስልኳን ከኪሱ አውጥቶ መለሰላት።

«ጠዋት ነው ያየሁት። ስብሰባው ሳይጀመር።» ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «ኢሜይሌን ስከፍት ከላይ ‘የሐዘን መግለጫ፣ አስቸኳይ’ የሚል አለ። የማን ቤት ይሆን ብዬ፣ ለዚያ ቤት እያዘንኩ ነው የከፈትኩት።»

ክብሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ቀኑን ሙሉ?» አለ። «ያን ሁሉ ስንቀባጥር፣ ስለ ካፍቴሪያ... አንቺ እያወቅሽ?»

«መጀመሪያ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣልኝም። ወዲያው አጎቴ ደወለ። ‘እዚያ አየሩ እንዴት ነው?’ አለኝ። ጋሽ ክብሩ፣ አጎቴ ስለ አየር ጠይቆኝ አያውቅም! ‘ነገ በጠዋት ለጉዳይ እመጣለሁ፣ ቤት እንዳትጠፊ’ አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሊነግሩኝ እየመጡ ነው።» ፊቷን በእጇ ጠረገች። «ገረሴ ውስጥ ሰው ሲሞት መርዶ ይዞ የሚሄደው አባቴ ነበር። ሁልጊዜ እሱን ነው የሚመርጡት። ‘መርዶ ሰው በሰው ተይዞ ነው የሚሰማው፤ ብቻውን የሰማው ይወድቃል’ ይል ነበር። አሁን የእሱን የራሱን መርዶ በኢሜይል ሰማሁት ብዬ ለአጎቴ ልንገረው? ያን ተራራ ለእኔ ብሎ የሚወርደው ሽማግሌ ይህን ቢያውቅ አይሰበርም?»

«እና ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ። ደግሞም እነሱ እስኪነግሩኝ ድረስ አባት አለኝ ብዬ ዋልኩ። አንዲት ቀን ጨመርኩለት።»

ክብሩ ሊያጽናናት ይገባ ነበር፤ ሽማግሌ አይደል? ነገር ግን ያለቀሰው እሱ ነው፤ እንደ ሕፃን፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። እሷ ናት ሶፍት ያቀበለችው። ውርደት ነው፣ ግን ምን ያድርግ?

«አንድ ነገር ግን አስተካክያለሁ» አለችው ቆይታ። «ስሙን ‘አቶ ዳኛ’ ብለህ ነው የጻፍከው።»

«ዳኛ?» ክብሩ ደነገጠ። በጥድፊያ ጣቱ ነው? ማሽኑ ነው? አላስታወሰም።

«አትጨነቅ፤ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ‘ዳና’ ሲል ጸሐፊው ሁሉ ‘ዳኛ’ ብሎ ይጽፍለታል፤ እሱም ‘ልጄ፣ ዳኛ አይደለሁም፣ ፈርጄም አላውቅም፣ ዳና ነኝ’ እያለ አርሞ ኖረ። የመጨረሻውን ደግሞ እኔ አረምኩለት።» ላፕቶፗን አቀበለችው። «ገጹ አልቋል፤ ፎቶውንም አስገብቻለሁ። ነገ ከነገሩኝ በኋላ ‘አትም’ የምትለዋን ተጫናት። ከዚያ በፊት እንዳትነካት። ለአጎቴም ምንም እንዳትነግረው። አደራ።»

ጠዋት አጎቷ ለእሱ የሰጡትን አደራ ማታ እሷ መልሳ ሰጠችው! ክብሩ ኔትወርኩን አስመልሶ፣ ያን ላፕቶፕ ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን እንኳን በቅጡ አላየውም።

ጎህ ሲቀድ አቶ ካሱና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ላፕቶፑን ከያዘው ክብሩ ጋር ደጇ ደረሱ። አቶ ካሱ ከብርድ ሳይሆን ከጭንቀት ጋቢያቸውን ደጋግመው ያጣፋሉ። «እንዴት ብዬ ልጀምርላት አቶ ክብሩ? ስንቱን ቤት ከወንድሜ ጋር ሄጃለሁ፤ አፉን የሚከፍተው ግን እሱ ነበር» አሉ። ክብሩ «እሷ ታውቃለች፣ አይጨነቁ» ሊላቸው ሲል አደራዋ ትዝ አለውና በሩን አንኳኳ።

ወለቴ ከፈተችላቸው። ዘሪቱ ለብሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሲገቡ ተነሣች፤ አጎቷን ሳመች፤ «በደህና መጣችሁ?» አለች። ክብሩ በር ላይ ቆሞ፣ እንግዲህ ልታስመስልላቸው ነው፣ ብርቱ ልጅ ናት፣ ብሎ አሰበ። ትናንት የጨረሰችው ሐዘን ነው፤ ዛሬ ለሽማግሌዎቹ ክብር ትንሽ ታለቅሳለች።

አቶ ካሱ ጸለዩ። ጸሎቱ ረዘመ። አሜን ሲሉ ግራና ቀኝ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብለው ክንዷን ያዙ። አቶ ካሱ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ዘሪቱ ልጄ» አሉ። ቆሙ። እሷ ዓይናቸውን እያየች ትጠብቃለች፤ እንደሚለምን ሰው ራሷን ቀስ አድርጋ ትነቀንቃለች። «ልጄ... አባትሽን ጌታ ወሰደው።»

የጮኸችው ጩኸት ክብሩን ከቆመበት ወደ ኋላ ገፋው። ይህ ማስመሰል አልነበረም! ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከጎረቤት በሮች ተከፈቱ። ጉልበቷ ሲከዳት ሽማግሌዎቹ ያዟት፤ አልወደቀችም። «አባዬ! አባዬ!» ትላለች፤ ልክ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የሞቱባት ያህል። አቶ ካሱ ደረታቸው ላይ አቅፈዋት አብረው ያነባሉ። ያን ጊዜ ነው ለክብሩ የገባው። ትናንት ያየችው ሌላ ነገር ነው፤ አባቷ የሞቱት ዛሬ ነው።

ላፕቶፑን መስኮቱ ሥር ከፈተና «አትም» የምትለዋን ተጫነ። የፊት ገጹ ላይ፣ ከጨረታውም ከሹመቱም በላይ፣ «አቶ ዳና» የሚል ወጣ።

ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል አቶ ካሱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ወደ እሱ መጡ። «እግዚአብሔር ይስጥልን አቶ ክብሩ። አደራችንን ጠበቁልን። ከእኛ ነው የሰማችው፣ አይደል?»

«አዎ ጋሽ ካሱ» አለ ክብሩ። «ከእናንተ ነው የሰማችው።» ሲናገረው ውሸት አልመሰለውም።